ከ«ከዚያ… ከዚያ…» ወደ «ስለዚህ»፦ በአንድ የሥዕል መጽሐፍ የታሪክ ሴራን ማስተማር

የሁለተኛ ክፍል ልጅ የሰማውን ተረት ድገምልኝ በሉት። «አንዲት ሴትዮ ነበረች፣ ከዚያ ሽማግሌ ጋ ሄደች፣ ከዚያ አንበሳ መጣ፣ ከዚያ ሥጋ ሰጠችው፣ ከዚያ አለቀ» ይላችኋል። ምንም አልዘለለም። ግን ሽማግሌው ጋ ለምን ሄደች? ለአንበሳ ሥጋ መስጠት ምን አመጣው? እሱ የለም። የጎደለው ይሄ «ለምን» ነው፤ ሴራ የምንለውም እሱን ነው።

እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1927 ነገሩን በሁለት መስመር ለይቶት ነበር። ንጉሡ ሞተ፣ ከዚያ ንግሥቲቱ ሞተች ካልን ታሪክ ነው። ንጉሡ ሞተ፣ ንግሥቲቱም በሐዘን ሞተች ካልን ግን ሴራ ነው። ለልጆች ከዚህ የበለጠ ትንታኔ አያስፈልግም። አንዱ ነገር ሌላውን እንዳመጣው ካዩ በቂ ነው።

ለዚህ ደግሞ የሥዕል መጽሐፍን የሚያህል ነገር የለም። ገና ፊደል እየለቀመ የሚያነብ ልጅ ቃሉን ሲፈታ ጉልበቱ ያልቃል፤ ታሪኩን የሚያስብበት አይተርፈውም። ሥዕል ሲሰጡት ግን ከእኛ በላይ ያያል። ወደ ኋላም መገለጥ ይቻላል፤ በቃል የተነገረ ተረት ግን ካለፈ አለፈ።

ይሄ መመሪያ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ለምታስተምሩ ነው። አራት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱን 40 ደቂቃ አስቡት። ቤት ውስጥ ከልጃችሁ ጋር የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ አራት ምሽት ይበቃል።

መጀመሪያ መጽሐፉ

ሥዕል ያለው መጽሐፍ ሁሉ ሴራ የለውም። የፊደል ማስቆጠሪያ፣ የእንስሳት ስም መጽሐፍ፣ «ጠዋት ተነሣሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ትምህርት ቤት ሄድኩ» የሚል መጽሐፍ ለሌላ ትምህርት ጥሩ ነው፤ ለዚህ ግን አይሆንም። እኔ ሁለት መፈተኛ አለኝ። አንደኛ፣ ጽሑፉን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ሥዕሉን ብቻ ግለጡ። ታሪኩ በግምት ይገባል? ሁለተኛ፣ መሐል ላይ ያሉ ሁለት ገጾችን በሐሳባችሁ አቀያይሩ። ቢቀያየሩም ምንም ካልተበላሸ መጽሐፉ ሴራ የለውም ማለት ነው፤ አስቀምጡትና ሌላ ፈልጉ።

የተቀረው ቀላል ነው። አንድ ዋና ገፀ ባሕርይ ይኑረው፣ ያ ገፀ ባሕርይ የሆነ ነገር አጥብቆ ይፈልግ፣ የሚከለክለውም ነገር ይኑር። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከ8 እስከ 16 ገጽ በቂ ነው። በውጭ የሚታተሙት የሥዕል መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ 32 ገጽ ናቸው፤ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይረዝማሉ።

መጽሐፍ ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው ከደቡብ አፍሪካ የሚመራ ድረ ገጽ ላይ በአማርኛ የተጻፉ የሥዕል ታሪኮች በነፃ አሉ። አውርዶ ማተምም ይፈቀዳል። እሱም ካልተመቻችሁ ራሳችሁ ሥሩት። የምሬን ነው። ከዚህ በታች የማሳያችሁ በሙሉ በ8 ወረቀት በእጅ በሚሠራ መጽሐፍ ነው፤ ታሪኩም ብዙዎቻችን የምናውቀው የአንበሳው ጢም ተረት ነው።

በአንዳንዱ አነጋገር ሴትዮዋ የምትቸገረው በባሏ ነው፣ በሌላው በእንጀራ ልጇ። ለልጆች የእንጀራ ልጁ ይሻላል። ሥዕሎቹ እነዚህ ናቸው፦

1. እናቱ የሞተችበት ልጅ፤ አባቱ አዲስ ሚስት ይዞ ሲገባ ልጁ ጀርባውን ሰጥቷቸዋል።
2. ሴትዮዋ ምግብ አቅርባለታለች፤ ልጁ ሳህኑን ገፍቶታል።
3. ሽማግሌው ጋ ሄዳለች። «አባባ፣ ልጁ እንዲወደኝ መድኃኒት ይስጡኝ።» እሳቸው ወደ ጫካው እየጠቆሙ ነው፦ «ከሕያው አንበሳ ጢም ሦስት ፀጉር አምጪልኝ።»
4. ሥጋ አስቀምጣ እየሸሸች ነው። አንበሳው ሩቅ ነው፤ ዓይኑ እሷ ላይ ነው።
5. አሁን ቀረብ ብላ ቆማለች። አንበሳው ሥጋውን እየበላ ነው፤ አያያትም።
6. አጠገቡ ተቀምጣ ከጢሙ ፀጉር ስትነቅል።
7. ሽማግሌው ፀጉሩን ተቀብለው እሳት ውስጥ ሲጥሉት፤ እሷ አፏን ይዛለች። «አንበሳን ያላመደች ሴት አንድ ትንሽ ልጅ ያቅታታል?»
8. ልጁና እሷ አንድ ትሪ ቀርበው፤ ልጁ ሲያጎርሳት።

ሥዕል አልችልም አትበሉ። በመስመር የተሣለ ሰው ይበቃል። ሁለት ነገር ብቻ በደንብ ይታይ፦ በሴትዮዋና በአንበሳው መሐል ያለው ርቀት፣ እና ልጁ ወዴት እንደዞረ። ታሪኩ የሚንቀሳቀሰው በእነዚህ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ክፍላችሁ ውስጥ ከእንጀራ እናት ጋር የሚኖር ወይም እናቱን ያጣ ልጅ ሊኖር ይችላል። አስቀድማችሁ እወቁ። ካለ ልጁን በአዲስ ጎረቤት ወይም በማትቀርብ ጥጃ ቀይሩት፤ ሴራው አይጎዳም።

ክፍለ ጊዜ 1፦ ያለ ቃል መግለጥ

ገና አታንብቡ። ሥዕሉን ብቻ እያሳያችሁ በየገጹ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ «ምን ታያላችሁ?» እና «ከምን አወቃችሁ?» ሥራውን የሚሠራው ሁለተኛው ነው። ሥዕል 4 ላይ ስትደርሱ የሚሆነው ይህን ይመስላል።

«አንበሳው ምን እያየ ነው?»
«ሥጋውን!»
«አይደለም፣ እሷን ነው!»
«ከምን አወቅሽ?»
«ቲቸር፣ ሥጋው መሬት ላይ ነው፣ ዓይኑ ግን ወደ ላይ ነው።»
«እሺ፣ እሷን እያየ ከሆነ ምን ሊሆን ይችላል?»

እዚህ ጋ ክፍሉ ጸጥ ይላል ወይም ይንጫጫል፤ ሁለቱም ጥሩ ምልክት ነው። ልጆቹ አሁን የሚመጣውን እየጠበቁ ነው። ሥዕል 5ን ስትገልጡ የአንበሳው ዓይን ሥጋው ላይ መሆኑን ሳትነግሯቸው ያገኙታል፣ «ለመዳት!» የሚልም አይጠፋም። ያንን ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፉት።

ሥዕል 6 ላይ ስትደርሱ ሴትዮዋ እጇን ዘርግታ፣ መጽሐፉን ዝጉት። 7ን እና 8ን ዛሬ አታሳዩ። «ቲቸር መጨረሻውን!» ብለው ይለምኗችኋል። አትስጧቸው። በቀረው ጊዜ እያንዳንዱ ልጅ ቀጥሎ ይሆናል የሚለውን በአንድ ሥዕል ይሣል፤ ሥዕሉን ሰብስባችሁ ያዙት፣ ነገ ይፈለጋል።

ከ50 በላይ ተማሪ ላላችሁ፦ በደብተር ወረቀት የተሣለ ሥዕል ከኋላ ረድፍ አይታይም። የፍሊፕ ቻርት ወረቀት ላይ በወፍራም ማርከር ሥሩት፤ ካልሆነም በየረድፉ እየዞራችሁ አሳዩ። ቀስ ብላችሁ ዙሩ፣ የኋላዎቹ ሳያዩ ጥያቄ አትጠይቁ። ፊት የተቀመጡት ቀድመው ሲመልሱ የኋላዎቹ ታሪኩን ከሥዕሉ ሳይሆን ከጓደኞቻቸው አፍ ይሰሙታል፤ ያኔ የነሱ ትምህርት ቀረ ማለት ነው።

ክፍለ ጊዜ 2፦ ማንበብ፣ ከዚያ መጠየቅ

ዛሬ «ተረት ተረት» ብላችሁ ጀምሩ፤ «የመሠረት» ወይም «የላም በረት» ብለው ይቀበሏችኋል፣ እንደየአካባቢው። ከዚያ ከሥዕል 1 እስከ 8 ሳታቋርጡ አንብቡ ወይም ተርኩ። የመጀመሪያው ንባብ መሐል ላይ ጥያቄ አታስገቡ እላለሁ፤ ልጁ ታሪኩን አንዴ ሙሉውን ሊያጣጥመው ይገባል። ሲያልቅ ትናንት የሣሉትን ግምት መልሱላቸውና ከእውነተኛው መጨረሻ ጋር ያስተያዩት። ያልተገናኘለት ልጅ እንዳይከፋው ንገሩት፤ አንበሳው ሴትዮዋን በላት ብሎ የሣለ ልጅ አደጋው ገብቶታል።

ከዚያ አምስት ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፉ፦ ማን? ምን ፈለገች? ነገር ግን? ስለዚህ? በመጨረሻ? መልሱን ከልጆቹ እየተቀበላችሁ ሙሉት። መጨረሻ ላይ ይህን መምሰል አለበት።

ማን? እንጀራ እናትየው።
ምን ፈለገች? ልጁ እንዲወዳት።
ነገር ግን? ልጁ ምግቧንም እሷንም ገፋ።
ስለዚህ? ሽማግሌውን አማከረች፤ ፀጉሩን ለማግኘት አንበሳውን በትንሽ በትንሹ ቀረበችው።
በመጨረሻ? ልጁንም እንደዚያው በትዕግሥት ቀረበችው፣ ልጁም ወደዳት።

«ምን ፈለገች?» ስትሉ ግማሹ ክፍል «የአንበሳ ፀጉር» ይላል። ተሳስታችኋል አትበሏቸው፤ ፀጉሩን በእርግጥ ፈልጋለች። «ፀጉሩን ለምን ፈለገችው?» በሉ። «ለሽማግሌው ልትሰጥ።» «ለሽማግሌው ለምን?» «መድኃኒት እንዲሰጧት።» «መድኃኒቱ ለምን?» ሦስተኛው ወይም አራተኛው «ለምን» ላይ ልጁ ጋ ይደርሳሉ። ይሄ ወደ ኋላ የመሄድ መንገድ ከሙሉው መመሪያ ውስጥ በጣም የምወደው ነው፤ ልጆቹ በሥዕል 6 እና በሥዕል 2 መሐል ያለውን ክር ራሳቸው ይስቡታል። መልሱን ቀድማችሁ ከነገራችኋቸው ግን ክሩ የናንተ ሆኖ ይቀራል። ታገሡ፤ ዝምታው ረጅም ቢመስልም ጠብቁ።

አምስቱን ከሞሉ በኋላ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ያንብቡት። ይሄ የታሪኩ አጥንት ነው። ደብተራቸው ላይ ይገልብጡት።

ክፍለ ጊዜ 3፦ ዳገቱ

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ሴራን በፒራሚድ እንሥላለን፤ ጀርመናዊው ጉስታቭ ፍሬይታግ እ.ኤ.አ. በ1863 ለድራማ ያወጣው ባለ አምስት ክፍል ቅርጽ ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ አምስት ክፍል ይበዛል። ግጭት፣ ጡዘት፣ ልቀት የሚሉትንም ቃላት ለ1ኛ እና ለ2ኛ ክፍል አታምጡ፤ ለ3ኛ እና ለ4ኛ፣ ያውም ነገሩን አይተው ከጨረሱ በኋላ ስሙን ስጧቸው። ለትንንሾቹ «ችግሩ የጀመረበት»፣ «ልብ የሚሰቅለው»፣ «የተፈታበት» በቂ ነው።

ክፍሉን ስምንት ቡድን አድርጉና ለእያንዳንዱ አንድ ሥዕል ስጡ። ከየቡድኑ አንድ ልጅ ሥዕሉን ይዞ ፊት ይውጣ። ተደባልቀው ይቁሙ፤ የተቀመጡት «አንቺ ወደዚህ፣ አንተ ከሷ ኋላ» እያሉ ያስተካክሏቸው። ከተሰለፉ በኋላ አንድ ሕግ አውጡ፦ ታሪኩ ልባችሁን በጣም የሚያስመታ ከሆነ ሥዕሉ ከራስ በላይ፣ ትንሽ ከሆነ ደረት ላይ፣ ሰላም ከሆነ ጉልበት ላይ። ተቀማጮቹ ይወስናሉ፣ የያዙት ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ።

ዳገቱ ዓይናቸው ፊት ይሠራል። ሥዕል 1 ጉልበት አካባቢ፣ 2 እና 3 ደረት፣ 4 ከዚያ በላይ፣ 6 ክንድ እስኪዘረጋ ድረስ፣ 8 ታች። ከዚያ ገመድ ዘርግታችሁ ሥዕሎቹን በልብስ መቆንጠጫ በዚያው ከፍታ ስቀሉ፤ ሳምንቱን ሙሉ ይቆይ።

ሥዕል 5 እና 7 ላይ ግን ክርክር ይነሣል፤ አታሳጥሩት። 5 ላይ አንበሳው አያያትም፣ ስለዚህ ከ4 ያነሰ ያስፈራል የሚል አለ። የለም፣ ቀርባለች፣ የበለጠ ያስፈራል የሚል አለ። ሁለቱም ማስረጃቸውን ከሥዕሉ ያምጡ። 7 ላይ ደግሞ ያ ሁሉ መከራ የታየበት ፀጉር እሳት ውስጥ ሲገባ አንዳንድ ልጆች በጣም ይናደዳሉ፤ ሥዕሉን ከ6 በላይ አውጡት የሚሉም አሉ። ያኔ እንዲህ ጠይቁ፦ «ታሪኩ ሥዕል 6 ላይ ቢያልቅስ? ፀጉሩን አገኘች፣ አለቀ።» ትንሽ ይቆዩና «ልጁስ?» ይላሉ። አዎ፣ ልጁስ። ሥዕል 1 ላይ የተከፈተው ችግር የአንበሳው አልነበረም። ፍርሃቱ 6 ላይ ጫፍ ቢደርስም ችግሩ መፈታት የሚጀምረው 7 ላይ ነው። የኔ ፍርድ፣ ልብ የሚሰቅለው 6 ነው፤ ግን 7 ነው ያለ ልጅ ምክንያቱን ከተናገረ ሙሉ ማርክ ይገባዋል።

ጊዜ ከተረፋችሁ አንድ ሥዕል ደብቁና «ምን ጎደለ?» በሉ። 5ን ስትደብቁ ሴትዮዋ ትናንት ስትሸሽ ዛሬ ጢም ትነቅላለች፤ «እንዴት ለመዳት?» ብለው ይጮኻሉ። ሴራ ውስጥ መሐሉ ለምን እንደሚያስፈልግ በዚህ ይገባቸዋል።

ክፍለ ጊዜ 4፦ የራሳቸው ታሪክ

አንድ ወረቀት ሁለት ጊዜ አጥፈው አራት ሳጥን ያውጡ። ሳጥን 1፦ ማን፣ ምን ፈለገ። ሳጥን 2፦ ነገር ግን። ሳጥን 3፦ ስለዚህ። ሳጥን 4፦ በመጨረሻ። ከባዶ ጀምሩ ማለት ይከብዳቸዋል፤ ስለዚህ የሚያውቁትን ታሪክ አንድ ቦታ ብቻ ይቀይሩ። ለምሳሌ ሴትዮዋ ሥጋ ባይኖራትስ? አንበሳው የታመመ ቢሆንስ? ልጁ ተከትሏት ጫካ ቢገባስ? አንዱን ሲቀይሩ ሌላው ሁሉ አብሮ መቀየር እንዳለበት ያዩታል።

መጀመሪያ ይሣሉ፣ ቀጥሎ ለጎናቸው ልጅ ይንገሩ፣ ከዚያ በየሥዕሉ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ቅደም ተከተሉን አትቀይሩት፤ መጻፍ ከቀደመ ልጁ ታሪኩን ትቶ ፊደል ያስባል። የፊደል ስህተትም ዛሬ አታርሙ።

ሲተርኩ የምታዳምጡት አንድ ነገር ነው፦ ሳጥን 2 እና 3 በምን ተያያዙ? «ስለዚህ»፣ «ምክንያቱም»፣ «ነገር ግን» የሚሉት ያለ እናንተ ግፊት ከመጡ ልጁ ይዞታል። «ከዚያ» ብቻ ከሆነ፣ ሁለቱን ሳጥኖች አሳይታችሁ «ይሄ ባይሆን ያኛው ይሆን ነበር?» በሉት። ፈተና ማዘጋጀት አያስፈልግም።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር

አንደኛው፣ «ከዚህ ተረት ምን እንማራለን?» የሚለውን ጥያቄ እስከ አራተኛው ክፍለ ጊዜ አቆዩት። ልማዳችን ነው፤ ተረቱ ሳያልቅ ምክሩን እንጠይቃለን። ልጆቹም «ትዕግሥት ጥሩ ነው» የምትለዋን መልስ ስለሚያውቋት ታሪኩን ሳያዩ ይመልሱና ይገላገላሉ። ምክሩ የሚገባቸው ሴትዮዋ ከሥዕል 4 እስከ 6 ምን ያህል እንደደከመች ካዩ ነው።

ሁለተኛው በውጭ አገር ቅዳሜና እሑድ አማርኛ ለምታስተምሩ ነው። ልጆቹ ይሰማሉ፣ ግን መልሱ በሌላ ቋንቋ ይወጣባቸዋል። ክፍለ ጊዜ 3ን ወደ መጀመሪያ አምጡት፤ ሥዕል መደርደር አፍ መፍታት አይጠይቅም። «ነገር ግን»፣ «ስለዚህ»፣ «ምክንያቱም» የሚሉትን በካርድ ጽፋችሁ በሥዕሎቹ መሐል ያስገቡ። ልጁ ግማሹን በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ከመለሰ መልሱን ተቀበሉት፣ ያንኑ በአማርኛ ደግማችሁ ንገሩት፣ እሱም ይድገመው። ሥዕሎቹን ወደ ቤት ልካችሁ አያት ወይም እናት በራሳቸው አነጋገር እንዲተርኩላቸው ብታደርጉ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፤ የሚሰሙት ተረት ከናንተው ይለያል፣ በሚቀጥለው ሳምንት «አያቴ ጋ ልጁ ሳይሆን ባሏ ነው» ብለው ይመጣሉ። የትኛው ሥዕል እንደሚቀየር፣ የትኛው እንዳለ እንደሚቀር ጠይቋቸው።

ቀጣዩን መጽሐፍ ስትመርጡ የሞኙ ማሞን ዓይነት ውሰዱ። እናቱ ባለፈው ስህተቱ የመከረችውን ምክር ማሞ ለማይሆነው ነገር ይጠቀምበታል፤ እያንዳንዱ ገጽ የፊተኛው ገጽ ውጤት ነው። እዚያ አምስቱን ጥያቄ እናንተ አትጻፉ። ጠመኔውን ለልጆቹ ስጡና እነሱ ይጻፉት።